የሚዜምበት ጉድጓድና የተከለከለው ጉድጓድ

ስለ ሥራ የተዘፈነው ብዙ ነው፤ ሠራተኛው ያለ የሌለ ኃይሉን አውጥቶ የሚሠራበትን ምክንያት የጠየቀ የኪነ ጥበብ ሥራ ግን ጥቂት ነው። በመዝሙሩም ሆነ በግድግዳው ሥዕል፣ በመድረኩም ላይ፣ ሠራተኛው አብዛኛውን ጊዜ ብርቱ ክንዱን ወደ ላይ አንሥቶ፣ መዶሻውን ወይም አካፋውን ጨብጦ፣ ዓይኑን ወደ ሩቅ አድማስ ተክሎ ይቀርባል። ክንዱ ይታያል፤ ክንዱን ያስነሣው ምክንያት አይታይም። ተመልካቹም ከክንዱ ብርታት በቀር ስለ ሰውየው አንዳች ነገር ሳያውቅ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ለመሆኑ ትጋት ከወዴት ይመጣል? ከደመወዝ ነውን? ከትእዛዝ ነውን? ከቅስቀሳ ነውን? ወይስ ከእነዚህ ሁሉ የሚቀድም ሌላ ነገር አለ?

ለዚህ ጥያቄ መልስ ለሚሻ የኪነ ጥበብ ሰው የደቡብ ኢትዮጵያ ቆላ፣ ይኸውም ከነገሌ ቦረና እስከ ያቤሎ፣ ከዱብሉቅ እስከ ሜጋና ሞያሌ የተዘረጋው አገር፣ ሁለት ጉድጓዶችን በምሳሌነት ያቀርብለታል። አንደኛው ውሃ ሲቀዳበት የሚዜምበት ጥልቁ የቦረና ጉድጓድ ነው። ሁለተኛው በ1966 ዓ.ም. በነገሌ የጦር ሰፈር ለተራ ወታደሮች የተከለከለው የመኮንኖች ጉድጓድ ነው። ሁለቱም ጥም በጸናበት ምድር የተቆፈሩ ናቸው። የመጀመሪያው ትጋት እንዴት እንደሚወለድ፣ የሁለተኛው ታሪክ ደግሞ ትጋት እንዴት እንደሚሞት ያስረዳል።

የቱላ ሥራና ዜማ

በቦረና ዝናም በዓመት ሁለት ጊዜ ይጠበቃል፤ የሚቀርበትም ዓመት አለ። የበጋው ወር ጸንቶ የኩሬው ውሃ ሲደርቅ የሰውና የከብት ሕይወት በጥልቁ ጉድጓድ ላይ ይንጠለጠላል። ቱላ የሚባሉት እነዚህ ጉድጓዶች ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት በእጅ የተቆፈሩ ሲሆኑ፣ እስከ 30 ሜትር የሚጠልቁ ይገኙባቸዋል። በዘጠኝ ሥፍራ ተሰባስበው ስለሚገኙም ሕዝቡ «ቱላ ሰግለን»፣ ማለትም ዘጠኙ ቱላዎች፣ ብሎ ይጠራቸዋል። ከብቱ ወደ ውሃው የሚደርሰው መሬቱን ሰንጥቆ ወደ ታች በሚወርድ ረጅም ጠባብ መንገድ ነው። በመንገዱ መጨረሻ በጭቃ የተለሰነ የማጠጫ ገንዳ አለ። ጉድጓዱ ከዚያ ቀጥሎ ወደ ምድር ሆድ ይዘልቃል።

ሥራው እንዲህ ነው። አንዱ ከጉድጓዱ ግርጌ፣ ከውሃው ዘንድ ይቆማል፤ ሌሎቹ ከእርሱ በላይ በእንጨት ርብራብና በድንጋይ እርከን ላይ አንዱ ከአንዱ ራስ በላይ እየሆኑ ይሰለፋሉ። ከግርጌ ያለው ከቆዳ የተሠራውን ባልዲ ሞልቶ ወደ ላይ ይሰጣል፤ ተቀባዩ ለሚቀጥለው ያቀብላል፤ የመጨረሻው ከገንዳው ይገለብጣል። ሙሉው ሲወጣ ባዶው ይወርዳል፤ እጅ አንድ አፍታ እንኳ አያርፍም። በጥልቁ ጉድጓድ ከአሥር በላይ ሰዎች በአንድ ጊዜ ይሰለፋሉ። ከመካከላቸው አንዱ ቢዘገይ የሁሉም ሥራ ይሰናከላል፤ አንዱ ባልዲ ቢያመልጠው ከታች ያለው ይጎዳል። ከላይ ደግሞ ተራውን የሚጠብቅ የተጠማ ከብት ቆሟል።

ይህን ሥራ የሚያስኬደው ዜማ ነው። አውራጁ ያወጣል፤ ተቀባዮቹ ይመልሳሉ፤ ባልዲው በዜማው ምት ላይ ከእጅ ወደ እጅ ይሻገራል። ቃሉ ከብቱንና ውሃውን ያወድሳል። የሐረጉ ርዝመት የትንፋሹ ርዝመት ነው፤ ዜማው የሚደጋገመው ሥራው ስለሚደጋገም ነው። የዜማ ባለሙያ ቅርጽ ብሎ የሚጠራው ነገር በዚህ ሥፍራ ከአካል እንቅስቃሴ የተገኘ እንጂ ከውጭ የተጨመረ ጌጥ አለመሆኑ ግልጽ ነው። ጀርመናዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ ካርል ቡኸር እ.ኤ.አ. በ1896 ባሳተመው ስለ ሥራና ምት በሚያወሳው መጽሐፉ፣ የዜማና የግጥም ምት ከኅብረት ሥራ እንቅስቃሴ የመነጨ ነው ሲል ተከራክሯል። ክርክሩ ለኪነ ጥበብ አመጣጥ በጠቅላላው ይበቃል ወይስ አይበቃም የሚለው ሊያከራክር ይችላል፤ ቱላን ላየ ሰው ግን ቢያንስ ለዚህ አንድ ሥፍራ እውነትነቱ አያጠራጥርም።

ከዜማው በስተጀርባ ያለው ሕግ

ሆኖም ብዙ ተመልካች የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ዜማውን ሰምቶ፣ የወጣቶቹን ብርታት አይቶ፣ «ትጋቱን የፈጠረው ዜማው ነው» ብሎ ይደመድማል። ዜማው ትጋቱን ሥርዓት ያስይዘዋል፤ ድካሙንም ያቃልለዋል። ትጋቱ ግን ከዜማው አስቀድሞ በሌላ ነገር ተወልዷል። ያም ነገር የውሃው ሕግ ነው።

በቦረና ሥርዓት ጉድጓዱ የጎሣ ነው። መጀመሪያ ያስቆፈረው ሰው፣ ከእርሱም በኋላ ዘሩ፣ «ኮንፊ» እየተባለ በጉድጓዱ ላይ የተከበረ ቦታ ይይዛል። የዕለት ተዕለቱን የማጠጣት ተራ የሚያስጠብቅ «አባ ሄሬጋ» የሚባል ኃላፊ አለ። ተራው የሚደለደለው በጉድጓዱ ተጠቃሚዎች ጉባኤ ነው። ጉድጓድ ሲደረመስ ወይም አዲስ ሲቆፈር ለቆፋሪዎች ቀለብ የሚታረዱት ከብቶች ከጎሣው ይዋጣሉ። ከብቱን ለማጠጣት የሚፈልግ ሁሉ የጉልበት ድርሻውን ያበረክታል። ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ የገዳ ሥርዓት አለ፤ በየስምንት ዓመቱ በጋዮ የሚሰበሰበው ጉሚ ጋዮ የተሰኘው ታላቅ ጉባኤም ሕግን ይመረምራል፤ ያድሳል። ዩኔስኮ በ2009 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ2016) የገዳን ሥርዓት በሰው ልጅ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ አስፍሮታል።

እንግዲህ ከእርከኑ ላይ የቆመው ወጣት ባልዲውን የሚያቀብለው ጨለማ ውስጥ ሆኖ ነው፤ አእምሮው ግን በጨለማ ውስጥ አይደለም። የሚያወጣው ውሃ ወዴት እንደሚሄድ ያውቃል፤ የከብቱ ተራ መቼ እንደሚደርስ ያውቃል፤ ተራውን ማን እንደወሰነ፣ ቅሬታ ቢኖረው ለማን እንደሚናገር ያውቃል። ከበላዩና ከበታቹ ያሉት እጆች እንደማይከዱት ያምናል። የጉድጓዱ ቆፋሪ ስም ሲወሳ በመስማቱ መልካም ሥራ ከሠሪው ዕድሜ በኋላ እንደሚኖር ተገንዝቧል። ትጋት የሚወለደው ከእነዚህ ነገሮች ድምር ነው፤ ዜማው የዚህ ድምር ድምፅ ነው።

ይህ ዐይነቱ ሥርዓት ለሰሜኑና ለማዕከላዊው የአገራችን ክፍል ገበሬም እንግዳ አይደለም። ወንፈል የወጣ ገበሬ ዛሬ በጎረቤቱ ማሳ ላይ ያፈሰሰው ላብ ነገ በራሱ ማሳ ላይ እንደሚመለስለት ያውቃል። በደቦ የተጠራም የባለ ማሳው ድግስ ለሁሉም እኩል እንደሚቀርብ አምኖ ይወጣል፤ ድግሱን የሰሰተ ባለ ማሳ በሚቀጥለው ዓመት ብቻውን ያጭዳል። የደቦ አውራጅ ድምፁ የቱን ያህል ያማረ ቢሆን የተሰሰተውን ድግስ አይተካም። ይህን እውነት በዘመናችን ጥናትም ያጸኑት አሉ። አሜሪካዊቷ ሊቅ ኤሊኖር ኦስትሮም እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተሙት መጽሐፍ ሕዝብ በጋራ የሚጠቀምበት ውሃ፣ ግጦሽና ደን ለረጅም ዘመን ሳይበላሽ የኖረባቸውን ማኅበረሰቦች መርምረው፣ ተጠቃሚው ሕጉን በማውጣት የሚካፈልበትና ጥቅሙ ከሚያዋጣው ድርሻ ጋር የሚመጣጠንበት ሥርዓት ጸንቶ እንደሚኖር አሳይተዋል። በ2009 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ያስገኘላቸው ይኸው ሥራቸው ነው።

የነገሌው ጉድጓድ

ከዜማው ጉድጓድ ወደ ሁለተኛው ጉድጓድ ሲታለፍ አገሩ ያው ነው፤ ሕጉ ግን ሌላ ነው። ጥር 4 ቀን 1966 ዓ.ም. በነገሌ ቦረና የሰፈረው የ4ኛው ብርጌድ የበታች ሹማምንትና ወታደሮች በአዛዦቻቸው ላይ ተነሡ። ከዚያ በፊት ምግባቸው የማይበላ መሆኑን ሲያመለክቱ ቆይተዋል። የውሃ መሳቢያቸው በተበላሸ ጊዜም ከመኮንኖቹ ጉድጓድ ለመቅዳት ጠይቀው ተከለከሉ። ያን ጊዜ መኮንኖቹን በቁጥጥር ሥር አውለው አቤቱታቸውን ወደ ንጉሠ ነገሥቱ ላኩ። ነገሩን እንዲመረምሩ የተላኩት የምድር ጦር አዛዥ ጄኔራል ድረሴ ዱባለ በደረሱ ጊዜም ወታደሮቹ እርሳቸውንም ያዙ፤ ከሚበሉት እንዲበሉ፣ ከሚጠጡት ውሃም እንዲጠጡ አደረጓቸው። በየካቲት ወር እንቅስቃሴው ወደ ደብረ ዘይት የአየር ኃይልና ወደ አሥመራው 2ኛ ክፍለ ጦር ተዛመተ። ከዚያ በኋላ የተከተለው የ1966 ዓ.ም. ታሪክ የታወቀ ነው።

ስለ ትጋት ለሚመራመር ሰው በዚህ ታሪክ ውስጥ የሚያስደንቀው የአድማው መነሣት አይደለም፤ ያ ሠራዊት በዚያ ቀን የጎደለው ነገር ምን እንደነበር መታወቁ ነው። ደመወዝ፣ ትንሽም ቢሆን፣ ነበረው። ትእዛዝ ነበረው። ማዕረግ፣ ሰንደቅ ዓላማ፣ የሰልፍ መዝሙርና ፉከራም ነበረው። የሰውን ልጅ ለሥራ ያነሣሣሉ ከሚባሉት ነገሮች ብዙዎቹ ተሟልተው ሳሉ፣ በአንድ ጥም ውስጥ ሁለት ዐይነት ጉድጓድ መኖሩ ብቻ ሁሉንም አፈረሳቸው። ወታደሩ ውሃ አጥቶ ከዚህ በፊትም ቆላውን አቋርጧል። ከጥሙ ይልቅ የከበደበት ውሃው በአጠገቡ ሳለ የእርሱ አለመሆኑ ነው።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ለተውኔት ጸሐፊም ትልቅ ትምህርት አለ። ወታደሮቹ ጄኔራሉን ንግግር አላሰሟቸውም፤ ምግባቸውን አስቀመሷቸው። አንድ ሳሕንና አንድ ኩባያ ውሃ የብዙ ገጽ ቃለ ተውኔት የማይናገረውን ተናገሩ። ስለዚያ ዘመን ለመድረክ የሚጽፍ ደራሲ ለእኩልነት ረጅም ንግግር የሚያዘጋጅ ከሆነ፣ ያልተማሩ የተባሉት ወታደሮች በጥበብ ቀድመውት ሄደዋል ማለት ነው።

የትእዛዝ አንቀጽ መዝሙር

ከ1966 ዓ.ም. በኋላ በነበሩት ዓመታት ስለ ሥራ የተደረሰው መዝሙር፣ የተሣለው ሥዕልና የቀረበው ትርኢት ቁጥሩ እጅግ ብዙ ነበር። በ1967 ዓ.ም. የተጀመረው የዕድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ፣ በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የምርት ዘመቻ፣ በየቀበሌውና በየመሥሪያ ቤቱ የተቋቋሙት የኪነት ቡድኖች ሁሉ ሥራን ዋና ርእሳቸው አድርገዋል። ከእነዚህ ቡድኖች በዜማና በውዝዋዜ ችሎታ የላቁ ባለሙያዎች እንደወጡ አይካድም። የብዙ ብሔረሰቦች ጭፈራ ከመንደሩ ወጥቶ በአገር አቀፍ መድረክ የታየበትም ዘመን ነበር። ይህ በጎ ጎኑ ነው።

ደካማው ጎን ከቋንቋው ሰዋስው ይጀምራል። ከዘመቻ መዝሙሮቹ ብዙዎቹ የተደረሱት በትእዛዝ አንቀጽ ነው፤ ተነሥ፣ ዝመት፣ አምርት፣ ገንባ ይላሉ። የሚያዘው ሌላ ነው፤ የሚታዘዘው ሌላ ነው። የቱላው ዜማ ግን ማንንም አያዝም። ከብቱን ያወድሳል፤ ሥራው በዚያው ይሠራል። ሰው የሚወደውን ነገር ሲያወድሱለት ክንዱ በራሱ ይነሣል፤ ክንድህን አንሣ ሲባል ግን በመጀመሪያ ዙሪያውን ይመለከታል፤ አዛዡስ ክንዱን አንሥቷልን ብሎ ይጠይቃል። ይህ ጥያቄ ያልተመለሰለት ሠራተኛ መዝሙሩን በከንፈሩ ይዘምራል፤ ሥራውን በእጁ ጫፍ ይሠራል። በየመሥሪያ ቤቱ ለአለቃ ዓይን ብቻ የሚሠራው ሥራ የተለመደው ከዚህ የተነሣ ነው።

ይህ ችግር የአንድ አገር ብቻ አልነበረም። በሶቪየት ኅብረት አሌክሴይ ስታኻኖቭ የተባለው የማዕድን ሠራተኛ በነሐሴ ወር 1927 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1935) በአንድ ፈረቃ 102 ቶን የድንጋይ ከሰል አወጣ ተብሎ ስሙ በዓለም ተሰማ፤ የተመደበለት ድርሻ 7 ቶን ነበር። ሥዕሉ በየግድግዳው ሲለጠፍ ግን አንድ ነገር ተዘነጋ። በዚያች ሌሊት ስታኻኖቭ ከሰሉን ሲቆርጥ የዋሻውን ጣሪያ በእንጨት የሚደግፉ ረዳቶች ነበሩት። በሥራው ውስጥ የነበረው የእጅ ሰንሰለት በሥዕሉ ላይ ወደ አንድ ሰው ክንድ ተጠቀለለ። የተቀሩት ሠራተኞችም ከሥዕሉ የተረፋቸው የድርሻ መጠን ከፍ ማለት ብቻ ነበር።

የፖላንዱ የፊልም አዘጋጅ አንጄይ ቫይዳ «የእብነ በረድ ሰው» በተሰኘውና እ.ኤ.አ. በ1977 ለሕዝብ ባቀረበው ፊልሙ ይህንኑ ጉዳይ በድፍረት መርምሯል። በፊልሙ ውስጥ ጀግና የተባለው ግንበኛ በሕዝብ ፊት የፍጥነት ትርኢት ሲያሳይ ጡቦች ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበሉ ይደርሱታል። ከመካከላቸው አንዱ በእሳት የጋለ ጡብ ነበር፤ የግንበኛው እጆች ተቃጠሉ። ይህን ትዕይንት ከቱላው ጋር ያነጻጸረ ተመልካች ነገሩን በአንድ ጊዜ ይረዳዋል። በሁለቱም ዘንድ ሥራው ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል። በአንዱ ዘንድ ድርሻው የታወቀ ስለሆነ የሚቀባበሉት ውሃ ነው፤ በሌላው ዘንድ የብዙዎች ላብ የአንድ ሰው ሽልማት ስለሆነ ከሰንሰለቱ መካከል እሳት ይገባል። ቫይዳ ሠራተኛውን አልነቀፈም፤ የነቀፈው ሠራተኛውን ከባልንጀሮቹ ነጥሎ ሐውልት ያደረገውን ኪነ ጥበብ ነው።

ባዶው ባልዲ

የቱላ ዜማ ወደ መድረክ ሲወጣ የሚደርስበትን ለውጥ መመልከት ተገቢ ነው። በመድረክ ላይ ጉድጓድ የለም፤ ተወዛዋዦቹ ወደ ተመልካቹ ዞረው በአግድም ይሰለፋሉ። ባልዲው ባዶ ስለሆነ ክንዱ ክብደት አይሰማውም፤ ክብደት ስለሌለም ምቱ እየፈጠነ ይሄዳል፤ ፈገግታ ይጨመርበታል። ከብቱም ገንዳውም የሉም። ተራ የሚጠብቅ የለም፤ ተራ የሚያስጠብቅም የለም። ያማረ ልብስና ያማረ ዜማ ይቀራል፤ የሥራው ምክንያት ግን በመንገድ ላይ ጠፍቷል። ጥፋቱ የተወዛዋዦቹ አይደለም። ትርኢቱን ያቀነባበረው ሰው ከጉድጓዱ የወሰደው ድምፁን ብቻ ነውና ሕጉን እዚያው ትቶት መጥቷል። አባ ሄሬጋ በመድረኩ ላይ ቢቆም፣ ሁለት ሰዎች በተራ ቢከራከሩና ክርክሩ በጉባኤ ሲፈታ ዜማው ቢጀመር፣ ያው ዜማ ሌላ ኃይል ባገኘ ነበር። ተመልካቹም ሰዎቹ ለምን እንዲህ እንደሚተጉ አውቆ በወጣ ነበር።

ይህ ሲባል የቱላን ሕይወት ገነት አድርጎ ማቅረብም ሌላ ስሕተት ይሆናል። ከብቱ የበዛለት ብዙ ያጠጣል፤ ከብት ያጣው ለሌላው ከብት ውሃ የሚያወጣበት ጊዜ አለ። ሥራው አጥንት የሚሰብር ነው። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. አምስት የዝናም ወቅቶች በተከታታይ በቀሩ ጊዜ፣ ሕጉም ዜማውም እያሉ የቦረና ከብት በገፍ አልቋል። ሰውን ለሥራ የሚያነሣሣው ፍትሕ ብቻ ነው ማለትም አይቻልም፤ ችግርም ያነሣሣል። በዚያው አገር በኤል ሶድ እሳተ ገሞራ ፈልፍሎ በተወው ጎድጓዳ ሥፍራ ካለው ሐይቅ ጨው የሚያወጡ ሰዎች ጆሯቸውንና አፍንጫቸውን ደፍነው የሚቆጠቁጥ ውሃ ውስጥ ይገባሉ፤ ወደዚያ የሚያወርዳቸው የዕለት እንጀራ ነው። ነገር ግን ችግር ሰውን ወደ ሥራ ያደርሰዋል እንጂ ከሥራው ጋር አያፋቅረውም። ከችግር የተነሣ የሚሠራ ሰው የሚበቃውን ያህል ሠርቶ ያቆማል፤ ከዚያ በላይ ያለውን፣ ማለትም ጥንቃቄውን፣ ብልሃቱንና ለባልንጀራው ማሰቡን፣ የሚሰጠው ሥራው የእርሱም እንደሆነ ሲያምን ብቻ ነው።

በሞተር የሚሳብ ውሃ ወደ ቆላው ከተሞችና መንደሮች መግባቱ የሚያስደስት ነው፤ ዜማው ይቀራል ተብሎ ሰው በእርከን ላይ ቆሞ እንዲኖር የሚመኝ የባህል ወዳጅ የሰው ወዳጅ አይደለም። ይሁንና ሞተር የክንድን ሥራ ይተካል እንጂ የአባ ሄሬጋን ሥራ አይተካም። የነገሌው የውሃ መሳቢያም ሞተር ነበረ። ሞተሩ ሲበላሽ ማን እንደሚጠግነው፣ እስኪጠገን ድረስ ውሃው ለማን በስንት ተራ እንደሚደርስ ያልተወሰነበት ሥፍራ ሁሉ የ1966ቱ ጥያቄ ገና አልተዘጋም።

ከዚህ ሁሉ የሚገኘው መመዘኛ ለሠዓሊውም፣ ለደራሲውም፣ ለዜማ አቀናባሪውም የሚሠራ ነው። ስለ ሥራ የተሠራ አንድ የኪነ ጥበብ ውጤት በሚመዘንበት ጊዜ የክንዱ ውፍረት ወይም የዜማው ድምቀት የመጀመሪያው መለኪያ ሊሆን አይገባም። ውሃው ወዴት እንደሚሄድ ያሳያልን? ተራው በማን እንደተወሰነ ይናገራልን? ከጀግናው በላይና በታች ያሉት እጆች በሥዕሉ ውስጥ አሉን? እነዚህን የመለሰ ሥራ ሠራተኛውን ሳይቀሰቅስ ያነሣሣዋል። ያልመለሰው ደግሞ የቱን ያህል ቢደምቅ ባዶ ባልዲ ያቀባብላል። ሠራተኛን ለማትጋት መዝሙር የሚያዝ ኃላፊም መዝሙሩን ከማዘዙ በፊት በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ ስንት ዐይነት ጉድጓድ እንዳለ ቢቆጥር ይበጃል። ጉድጓዱ አንድ ከሆነና ተራው ከታወቀ ዜማውን ሠራተኞቹ ራሳቸው ያወጡታል።